ነገ ዲፌንስ ላላችሁ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ የማስተርስ ዲፌንስ (የመመረቂያ ጥናት በፈታኞች ፊት የሚቀርብበት) ሲካሄድ ዋለ። ሥራዎቹ ጥሩ ነበሩ፤ ብዙዎቹን የጎዳቸው አቀራረቡ ነው። ነገ የምታቀርቡ ልጆች፣ እባካችሁ ዛሬ ማታ ይህን አስተካክሉ።

ከሁሉ በፊት የአማርኛ ፎንታችሁን ተመልከቱ። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያለ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ያልሆነ የቆየ ፎንት የአዳራሹ ኮምፒውተር ላይ ካልተጫነ ጽሑፉ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ኮድ ስለሆነ ነው፤ የግዕዝ መልክ የሚያለብሰው ፎንቱ ብቻ ነው። በዩኒኮድ ጻፉ፤ ፓወርፖይንቱን ስታስቀምጡ ፎንቱ ከፋይሉ ጋር አብሮ እንዲቀመጥ የሚያደርገውን ምርጫ አብሩ። ፒዲኤፍ ቅጂም በፍላሽ ያዙ (አኒሜሽኑ ግን እዚያ ላይ አይሠራም)።

20 ደቂቃ ከተሰጣችሁ ከ15 ስላይድ አትለፉ። የብዙዎች ሰዓት የሚያልቀው በመግቢያና በቀደምት ጥናቶች ላይ ነው፤ ፈታኞቹ የሚጠብቁት ግን ውጤቱን ነው። መግቢያውን በ3 ደቂቃ ጨርሱና ለውጤቱ 10 ደቂቃ ስጡ።

ከኤክሴል ተገልብጦ የተለጠፈ ባለ 12 ረድፍ ሰንጠረዥ ከኋላ ወንበር አይነበብም። የምትናገሩባቸውን 3 ቁጥሮች ብቻ አውጡ፤ የፊደሉ መጠን ከ24 አይነስ። ግራፍ ሲመጣ አግድሙና ቁመቱ ምን እንደሚለኩ ከነመለኪያቸው ንገሩን፣ ከዚያ ወደ ትርጉሙ እለፉ።

ሲስተም የምታሳዩ ደግሞ የ2 ደቂቃ ቪዲዮ ቀድማችሁ ቅረጹ፤ ኔትወርክ አይታመንም። ላፕቶፓችሁ የቪጂኤ (የቆየው የፕሮጀክተር ገመድ) መሰኪያ ከሌለው ማገናኛውን ዛሬውኑ ፈልጉ።

ልምምዱም ቆማችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ ይሁን። በልብ ሲነበብ 14 ደቂቃ የፈጀው ሲነገር 20ን ያልፋል።