ቲቢ ነው ሲሉን እልል አልን

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን። ባሕር ዳር የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ይህን ያስቀደምሁት «ባለማወቅህ ነው ያጨስኸው» የሚለኝ እንዳይኖር ነው። የሲጋራ ጢስ ከመተንፈሻ ቧንቧችን አክታ የሚጠርጉትን ጥቃቅን ፀጉሮች እንዴት እንደሚያሽመደምድ ሰሌዳ ላይ ስዬ አስተምራለሁ፤ ደወል ሲደወል አስፋልቱ ዳር ከሚቆመው ሱቅ በደረቴ ሲጋራ በፍሬ እገዛለሁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ባኮው ከፊትም ከኋላም 70 በመቶው በማስጠንቀቂያ ሥዕል እንዲሸፈን ሲያዝዝ ለተማሪዎቼ ያብራራሁት እኔው ነኝ። በፍሬ መግዛት የጀመርሁትም ያን ሥዕል ላለማየት ነው።

ጠቤ ከእግዚአብሔር ጋር ነበር። አባቴ ሲጋራ በአፉ ሳይዞር በሳንባ ካንሰር ሞተ። በጀልባ ዘጌ ወስጄ ጸበል አስጠምቄው፣ ተስዬለት ነበር። ከቀበርሁት በኋላ «ያላጨሰውን ከገደልህ፣ እኔ ባጨስ ምን ታመጣለህ?» አልሁት። አላለሰልሰውም፤ እንዲሁ ነው ያልሁት። ከዚያ ወዲህ ጊዮርጊስን ከቅጽሩ ውጭ ተሳልሜ አልፋለሁ። ጢስ ጢስ እየሸተትሁ ምን ብዬ ልግባ?

የፍልሰታ ሱባዔ ነበር። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ሳል ቀሰቀሰኝ፤ «የአጫሽ ሳል ነው» እያልሁ የከረምሁበት ሳል። መብራት ጠፍቷል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሰው እንዳልቀሰቅስ በረንዳ ወጥቼ መታጠቢያው ሳህን ላይ ተፋሁ። በስልኬ መብራት ሳየው ቀይ ነው። ውሃ ጨመርሁበት፤ ቀጠነ እንጂ አልጠፋም።

ቀጥሎ ያለውን እስከ ዛሬ የምናውቀው እኔ፣ ባለቤቴና የንስሐ አባቴ ነን። ደሙን አይቼ፣ አፌን ተጉመጥምጬ፣ ለኮስሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ላይተሩ እምቢ ሲለኝ ደጋግሜ ጫርሁት። ቲቢ ሊሆን ይችላል ብዬ እንኳ አላሰብሁም፤ ዓይኔ ላይ የነበረው የአባቴ አልጋ ብቻ ነው።

ከጊዮርጊስ ሰዓታት በድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ይቀርባል፣ ሲበረታ ይርቃል። «ጸሎቴን በፊትህ እንደ ዕጣን ተቀበልልኝ» የሚለው የዳዊት ቃል ከየት እንደመጣ እንጃ፣ መጣ። በጣቴ መካከል የሚወጣውን ጢስ አይቼ አፈርሁ። ወዲያው ደግሞ ተቆጣሁ። «የአባቴን መጨረሻ ልታሳየኝ ነው? ልጄ ገና ፊደል አልቆጠረም!» ጮኼ ነው ያልሁት።

ባለቤቴ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። ሳህኑን አየች፤ ሲጋራውንም አየች። «ስትጣላው ሰማሁህ፤ በል አሁን ደግሞ ለምነው» አለችና አጠገቤ ተቀመጠች። እሷ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች፤ እኔ «ማረኝ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣኝም። ሌሊቱ አይነጋ! ስምንት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት። በሳልሁ ቁጥር ሶፍቱን ተቀብላ በስልኩ መብራት ታየዋለች፤ ከቀላ ዝም፣ ካልቀላ «ተመስገን»። ሊነጋ ሲል ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤታችን ሳንጠራው መጣ። ጩኸቴን ሰምቶ እንቅልፍ አልወሰደውም ኖሯል። ሒሳብም አልተቀበለን፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

ሆስፒታል አክታ ሰጠሁ፣ ራጅ ተነሣሁ። ከሰዓት በኋላ በዕድሜ ጠና ያሉ ሲስተር ጠሩን። «ቲቢ ነው። የስድስት ወር መድኃኒት ነው፣ በነፃ ነው፤ ሳታቋርጥ ከወሰድኸው ትድናለህ።» ባለቤቴ እልል አለች፤ እኔም ተከተልኋት። ኮሪደሩ ሁሉ ዞሮ አየን፤ በቲቢ የሚደሰት ሰው አይተው አያውቁም መሰለኝ። «አልሞትም፥ በሕይወት እኖራለሁ እንጂ፤ የእግዚአብሔርንም ሥራ እናገራለሁ!»

ሲስተር ቀጠሉ፤ ሲጋራ ለቲቢ በር እንደሚከፍት ሊነግሩኝ ሲጀምሩ «አውቃለሁ፣ አስተምረዋለሁ» አልኋቸው። «ማወቅህንማ አየሁ። ማቆም ትፈልጋለህ ወይ ነው የምልህ።» ሰው ሲመክረኝ፣ ሲያስፈራራኝ፣ ሲቆጣኝ ነው የኖረው፤ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። «እፈልጋለሁ፤ ግን አልችልም» ስል በወንጌል ያለው የዚያ የታመመ ልጅ አባት ትዝ አለኝ፤ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ያለው። «መፈለግህ ይበቃል፤ ከዚያ እንጀምራለን» አሉኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ክፉ ናቸው። ኒኮቲን ከሰውነት ሲወጣ እጅ የሚያርፍበት ያጣል፣ በልጅ ላይ ያስጮኻል። የንስሐ አባቴ «ጸበሉንም ጠጣ፣ ክኒኑንም ዋጥ፤ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል ሲራክ» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ተሸንፌ ወደ ሱቅ በደረቴው ሄድሁ። ባለቤቴ ቀድማ ምን እንዳለችው አላውቅም። «መምህር፣ ለእርስዎ አልሸጥም» ብሎ ሳጥኑን በእጁ ሸፈነብኝ። ሰደብሁት። ገበያውን ትቶ የረዳኝን ልጅ! የእመቤቴ ልጅ ይባርከው።

ስድስቱ ወር አለፈ፤ አክታዬ ነፃ ሆነ። ባለቤቴና ልጄም ተመርምረው ነፃ ተባሉ። እስትንፋስ ያለው ሁሉ እግዚአብሔርን ያመስግን!

በአንዳንድ ምስክርነት እንደምንሰማው ሽታው ባንድ ቀን አላስጠላኝም። ቡና ሲፈላ ዛሬም ያምረኛል፤ የተደረገልኝ ነገር አምሮኝ ማለፉ ነው። አባቴን ስለምን እንደወሰደው አሁንም አልገባኝም፤ አሁን የምጠይቀው ግን ቅጽሩ ውስጥ ገብቼ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንደ እኔው ሁሉን ያውቃል፣ ያጨሳል። ባለፈው ሳምንት «ማቆም ትፈልጋለህ ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። አልመለሰልኝም፤ አልተቆጣምም። በጸሎታችሁ አስቡልኝ።