የሽንኩርት ሻጯ ዘዴ
ዛሬ ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ አንድ ሰውዬ ፌስታል ሲጠይቅ፣ ሽንኩርት ሻጯ «ልጄ፣ ከጠዋት ጀምሮ የገዛኝ ሁሉ በዘንቢል ነው የወሰደው» አለችው። (እኔ ያየሁት አንድ ዘንቢል ብቻ ነው!) ሰውዬው ግራ ቀኝ ገልመጥ አለና ግማሽ ኪሎውን በኮቱ ኪሶች ጠቀጠቀው። አንዷ ሽንኩርት አምልጣው ተንከባለለች። ፌስታል የከተማውን አዌቱ ወንዝ ያቆሽሻል ብላ ብትሰብከው ግን ፌስታሉን ተቀብሎ ውልቅ ይል ነበር።

እነ ሮበርት ቻልዲኒ (የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው) በፈረንጆቹ 2008 ያሳተሙት የአሜሪካ ሆቴል ጥናትም ይህንኑ፣ ሰው ከስብከት ይልቅ ሌሎች የሚያደርጉትን እንደሚከተል ያሳያል። «አካባቢን ይጠብቁ» የሚል ካርድ ካዩት እንግዶች 35 በመቶ ያህሉ ፎጣቸውን ደግመው ተጠቀሙ። «አብዛኞቹ እንግዶች ደግመው ይጠቀማሉ» ሲባል ወደ 44 በመቶ ከፍ አለ። «እዚሁ ክፍል ያረፉት» ሲባልማ ይበልጥ ሠራ።

«ሁሉም ሰው ቆሻሻ ይጥላል» እያለ የሚያማርር ማስታወቂያ ግን ባይለጠፍ ይሻላል። ለሚጥለው ሰው አይዞህ እንደማለት ነው።