ሳልጠይቅ የተለወጠብኝ የፎቶ ማስተካከያ

ደብረ ብርሃን በሚገኘው ፎቶ ቤቴ ለዓመታት የተገለገልሁበት የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም፣ ኮምፒውተሩ ሌሊት በራሱ ባወረደው አፕዴት ምክንያት ስሙንና ምልክቱን እንደያዘ ውስጡ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። ጉርድ ፎቶ የምንቆርጥበት መለኪያ ከብዙ ምርጫዎች ሥር ተደብቋል፤ ጥላውን ብቻ ለይቶ የሚያፈካው መሣሪያ ደግሞ ጭራሹን የለም። ይህ ለእኛ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ከአንኮበር ወይም ከመንዝ ጓሳ በጉም ውስጥ የተነሣ ፎቶ ሲመጣ፣ ከኋላ ያለውን ጉም ሳናነጣ የጭላዳውን ጠጉር ከጥላ የምናወጣው በእርሱ ነበርና። አዲሱ ማሻሻያ ሁሉን በአንድነት ስለሚያፈካ የነጠላው ጥለት እንኳ ቀለሙን ይለቃል።

የደኅንነት ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት አስፈላጊ መሆኑን አልክድም፤ የሚያናድደኝ ጥገናውና የመልክ ለውጡ በአንድ ጥቅል መምጣታቸው ነው። ጉግል በ2016 እ.ኤ.አ. ፒካሳ ለተባለው የፎቶ ማደራጃና ማስተካከያ ፕሮግራሙ ድጋፍ መስጠቱን ሲያቆም እንኳ፣ ቀድሞ የተጫነው ቅጂ መሥራቱን እንዲቀጥል ትቶት ነበር። እኔም የቀድሞውን መጫኛ ከአንድ ባልደረባዬ ፍላሽ ገልብጬ ኢንተርኔት በማይነካው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጭኜዋለሁ፤ የሚያስቸኩል ሥራ ሁሉ አሁን የሚያልፈው በዚያ ነው። ፍላሹ ቫይረስ ባይኖርበት ደግሞ የበለጠ ባመሰገንሁት ነበር።