አባየ፣ ዶሮ ወጥና ፕሮቲን

የሰፈራችን ሴቶች ፍርዳቸውን ሰጥተዋል። የአባየን እጅ የሚያንቀጠቅጠው ሥጋ ነው። ማስረጃቸው የሚናቅ አይደለም። ሁዳዴ ሲሆን አባየ ይሻላቸዋል። ጧት ተነስተው ራሳቸው ይለብሳሉ፣ ዘንጋቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። ፋሲካ ሲገባ ድርቅ ይላሉ። ከተቀመጡበት ተነስተው በሩ ጋ ለመድረስ ደጋፊ ይፈልጋሉ።

«አንች ልጅ፣ ፋርማሲ ውለሽ እየገባሽ ይኸ እንዴት ጠፋሽ?» አሉኝ አንዲት ጎረቤታችን። «በሽታው የፕሮቲን ነው ያልሽን ራስሽ አይደለሽም? ፕሮቲን ደግሞ ሥጋ ነው። ከልክያቸዋ!»

ብያለሁ፣ አልክድም። የአባየ በሽታ ፓርኪንሰን ይባላል፤ የፕሮቲን በሽታ ነው። የማስታወስ ችሎታን የሚነሳው አልዛይመርም እንደዚያው። ያ ፕሮቲን ግን ከድስት የሚወጣው አይደለም። ሆኖም ጎረቤታችን ያዩት ነገር እውነት ነው፤ ምክንያቱ ነው ሌላ።

አባየ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አራዳ ላይ በረንዳ ተከራይተው በእግር መኪና ግማሹን ጎንደር አልብሰዋል ብል ማጋነን ነው፤ እሳቸው ግን እንደዚያ ነው የሚሉት። ሰው ሁሉ በሽታው በእጅ መንቀጥቀጥ የጀመራቸው ይመስለዋል። የጀመራቸው በአፍንጫቸው ነው። ቡና ሲቆላ ጭሱን ወደ ፊታቸው ይስቡና «ይኸ ቡና ሽታ የለውም፣ ነጋዴው ሸወዳችሁ» ይላሉ። እማየ ቡና ሻጭ ቀየረች። ሽታው አልመጣም። ቀጥሎ ሌሊት በእንቅልፍ ልባቸው መራገጥና መጮህ መጣ። ከዚያ የደንበኛ ልክ የሚጽፉበት ደብተር ላይ የቁጥሮቹ ጽሕፈት እየደቀቀ እየደቀቀ ሄደ። በመጨረሻ ረዳታቸው የወገቡን ልክ ከእጅጌው መለየት አቃተው። እጃቸው የተንቀጠቀጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሐኪሞች እነዚህን ሁሉ፣ የሆድ ድርቀትን ጨምረው፣ የፓርኪንሰን ቀደምት ምልክቶች ይሏቸዋል። ያኔ ለኛ እርጅና ነበር። ቆይቶ ቡዳ ነው ተባለ። ጠበልም ተሄደ። ጠበሉን አልቃወምም፤ ክኒኑ እስካልተቋረጠ ድረስ።

ወደ ፕሮቲኑ ልምጣ። የምንበላው ፕሮቲን፣ የዶሮም ይሁን የምስር፣ ሆዳችን ውስጥ ተሰባብሮ አሚኖ አሲድ ይሆናል። ሴሎቻችን እነዚያን አሚኖ አሲዶች ጂናቸው በሚያዘው ቅደም ተከተል ይደረድሩና የራሳቸውን ፕሮቲን ይሠራሉ። የተደረደረው ሰንሰለት ደግሞ ይታጠፋል። የአብዛኞቹን ፕሮቲኖች ሥራ የሚወስነው ይህ አጣጠፍ ነው። ነጠላን አስቡ። ያው ጨርቅ፣ ያው ጥለት ነው። ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ሲለበስ አንድ ነገር ይናገራል። ጥለቱ ዞሮ አንገት ላይ ሲመጣ ደግሞ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ክሩ ያው ነው፤ የተቀየረው አጣጠፉ ብቻ ነው።

የአባየ ነገር አልፋ ሲኑክሊን የሚባል ፕሮቲን ነው። ትንሽ ነው፤ 140 አሚኖ አሲድ ብቻ። የነርቭ ሴሎች ጫፍ ላይ፣ መልእክት አድራሽ ኬሚካሎች በሚለቀቁበት አካባቢ ይገኛል። የሚገርመው፣ ጤነኛ ሆኖ ሳለ እንኳ ቁርጥ ያለ ቅርጽ የለውም፤ ልል ነው። መከራው የሚመጣው አላግባብ ታጥፎ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ ጠንካራ ክር መሥራት ሲጀምር ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ፍሬድሪክ ሌዊ ይህን ክምችት በአጉሊ መነጽር አይቶ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። ስሙም ሌዊ አካል ተባለ። በውስጡ የተከማቸው አልፋ ሲኑክሊን መሆኑ የታወቀው ግን በ1997 ነው። በመሀል 85 ዓመት! በአልዛይመር የሚከማቹት ሌሎች ፕሮቲኖች ናቸው፤ ቤታ አሚሎይድና ታው።

ሴል ይህ ሁሉ ሲሆን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ሌሎች ፕሮቲኖች በደንብ እንዲታጠፉ የሚያግዙ፣ የተበላሸውንም የሚያስወግዱ ፕሮቲኖች አሉት። ዕድሜ ሲገፋ ይህ ጽዳት ይደክማል። ፓርኪንሰን ላይ በብዛት የሚሞቱት በአንጎል ግንድ ውስጥ፣ ጠቆር ባለች ትንሽ ቦታ ላይ ዶፓሚን የሚባለውን መልእክት አድራሽ ኬሚካል የሚሠሩት ሴሎች ናቸው። ዶፓሚን ሲያንስ እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ሰውነት ይደርቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል።

እኔን ይበልጥ የሚያስደነግጠኝ ሌላ ነው። አላግባብ የታጠፈው ፕሮቲን ጤነኛውን ወደ ራሱ ቅርጽ ይስበዋል። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ስታንሊ ፕሩሲነር እ.ኤ.አ. በ1982 ያለ ምንም ጀርም፣ ፕሮቲን ብቻውን በሽታ ያስተላልፋል ሲል ብዙ ሳይንቲስት አልተቀበለውም ነበር። ለዚያ ፕሮቲን ፕሪዮን የሚል ስም አወጣለት፤ በ1997 ኖቤል ተሸለመ። አልፋ ሲኑክሊንም በአንጎል ውስጥ በተመሳሳይ መንገድ ሳይዛመት አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ግኝት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከዓመታት በፊት ጤነኛ የነርቭ ሴሎች የተተከሉላቸው የፓርኪንሰን ታማሚዎች ሲሞቱ አንጎላቸው ተመረመረ። ለጋዎቹ ሴሎች ውስጥም ሌዊ አካል ተገኘ።

ይህን እቤት ሳወራ የወንድሜ ሚስት ሰማች። በማግስቱ ልጆቿ ከአያታቸው ጉርሻ እንዳይቀበሉ ተከለከሉ። አባየ ምንም አላሉም፤ እኔ ግን ደሜ ፈላ። የሚዛመተው ከሴል ወደ ሴል፣ እዚያው አንጎል ውስጥ ነው። ፓርኪንሰን በጉርሻ፣ በሳል፣ አብሮ በመኖር አይተላለፍም። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ የፎሬ ሕዝብ ላይ የደረሰው ኩሩ የሚባለው በሽታ በመብላት የተላለፈ ነው፤ እሱ ግን የፕሪዮን በሽታ ነው፣ የተላለፈውም በለቅሶ ሥርዓት የሟችን አካል፣ አንጎሉን ጭምር፣ በመብላት ነው። ከኛ ጉርሻ ጋር ምን አገናኘው? ልጆቹ አሁን ይጎርሳሉ።

እንግዲህ ሥጋው ምን አደረገ? አባየ የሚወስዱት ሌቮዶፓ የሚባል መድኃኒት ነው፤ አንጎል ሳይደርስ እንዳይባክን ከሚያግዘው ካርቢዶፓ ጋር የተቀላቀለ። አንጎል ሌቮዶፓን ወደ ዶፓሚን ይለውጠዋል። ሌቮዶፓ ራሱ አሚኖ አሲድ ነው። ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል የሚያሻግረው ነገር ከሥጋ የሚወጡ ብዙ አሚኖ አሲዶችንም ያሻግራል። አንድ ላይ ሲመጡ ይሻማሉ። ፋሲካ ሌሊት አባየ ማዕድ ቀርቦ ክኒን አይቀድምም ብለው ከዶሮ ወጡ ጋር አብረው ዋጡት። እንቁላሉ አለ፣ አይቡ አለ፣ ሲነጋ ደግሞ የበጉ ጥብስ። ክኒኑ ተሸነፈ። በሁዳዴ ግን የንስሐ አባታቸው ፈቅደውላቸው የጧቷን ክኒን በውኃ ብቻ ይውጣሉ፤ እህል የሚቀምሱት ከቅዳሴ በኋላ ነው። ተሻሚ የላትም።

ስለዚህ ሥጋ አልተከለከሉም። በዚያ ዕድሜ ሥጋ መከልከል ሰውነትን ማክሳት ነው። ሐኪማቸው ክኒኑ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት እንዲቀድም፣ ብዙ ሥጋ ያለበት ምግብ ወደ ማታ እንዲገፋ አደረጉ። ባዶ ሆድ ላይ የሚያቅለሸልሸው ሰው ስላለ ይህን በራሳችሁ አትሞክሩት፣ ሐኪም ጠይቁ። ክኒኑንም በድንገት አታቋርጡ፤ አደገኛ ነው። እኛ ፋርማሲ የሚመጡ ደንበኞች የመጨረሻዋ ፍሬ ካለቀች በኋላ ነው ብልቃጡን ይዘው የሚሮጡት። ሳምንት ሲቀረው ፈልጉ።

ሌቮዶፓ የጎደለውን ዶፓሚን ይተካል እንጂ የፕሮቲኑን ክምችት አይነካም። ክምችቱን የሚያጠቁ መድኃኒቶች እየተሞከሩ ነው። ለአልዛይመር ሌካኔማብ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ ሙሉ ፈቃድ አገኘ። በ18 ወር ጥናት የበሽታውን መባባስ 27 በመቶ አዘግይቷል፤ አያድንም፣ የአንጎል እብጠትና መድማትም ሊያመጣ ይችላል። አልፋ ሲኑክሊን ላይ ያነጣጠሩ 2 መድኃኒቶች ግን በ2022 በወጣው ውጤት ዋና ግባቸውን አልመቱም።

ይህን ለአባየ ላነብላቸው ሞከርኩ። መሀል ላይ አቋረጡኝ። «እሱን ተይውና የአራት ሰዓቷ ክኒን ደርሳለች ወይ?»

ደርሳለች። ቁርስም ገና ነው።