የተዘጋው በር

ዛሬ በአጭር ፊልም ፌስቲቫል ላይ ካየሁት ሁሉ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ አንድ የተዘጋ በር ነው። ከበሩ ወዲያ ባልና ሚስት ይጣላሉ። ካሜራው ግን ከውጭ ቆሟል፤ የምናየው ጫማዋን የምታስር ትንሽ ልጅ ብቻ ነው። ድምፃቸው ይሰማል፣ ቃሉ አይለይም። ልጅቷ ማሰሪያውን አጥብቃ ትቋጥራለች። ትፈታዋለች። እንደገና ትቋጥራለች። ጫማው ቀድሞም በደንብ ታስሮ ነበር!

ከትዕይንቱ በኋላ አንድ ተመልካች «ካሜራው ለምን ወደ ውስጥ አልገባም?» ብሎ ጠየቀ።

«ለሁለት ተዋንያን የሚከፈል ገንዘብ ስላልነበረን» አለች ዳይሬክተሯ።

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አላመንኳትም። ገንዘብ ያጠረው ሁሉ እንዲህ ያለ በር መዝጋት አይችልም።

የሲኒማ ፈር ቀዳጆቹ ፈረንሳውያን የሉሚዬር ወንድማማቾች በ1895 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ለሕዝብ ያሳዩዋቸው ፊልሞች እያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ የፊልም ጥቅሉ ከዚያ በላይ አያስኬድም ነበርና። ዛሬ የኦስካር ደንብ ለአጭር ፊልም እስከ 40 ደቂቃ ይፈቅዳል። እንደ እኔ እንደ እኔ ይበዛል። ዛሬ ከታዩት ረዘም ያሉት አብዛኛውን ጊዜያቸውን ያጠፉት የገባንን ነገር መልሰው በማስረዳት ነው።

ማታ፣ ለወራት አልንቀሳቀስ ያለኝን የራሴን ጽሑፍ ከፈትኩና በውስጡ ሁለት ወንድማማቾች የሚጨቃጨቁበትን ገጽ ሙሉውን ሰረዝኩት። አሁን የቸገረኝ ታናሽ እህታቸው በዚያች ሰዓት ምን እየሠራች እንደነበር ነው። ደብዳቤ ታነባለች ብዬ ጀመርኩ፤ አልጣመኝም። ነገ ሌላ እሞክራለሁ።