የቡቺ ተጨማሪ ኪኒን

ቡቺ ደረጃ መውጣት ከተወ ሰነባብቷል። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ለላብራዶር ውሻ ሽምግልና ነው። የዳሌው መገጣጠሚያ ያመዋል። ለሕመሙ ካርፕሮፈን ሲወስድ ነው የኖረው፤ ዘንድሮ ግን ብቻውን አልያዘለትም። "መጠኑን ከፍ እናድርግለት?" ብዬ የእንስሳት ሐኪሟን ጠየቅኳት። አይሆንም አለች፤ ጨጓራና ኩላሊቱን ይጎዳል። ይልቅ ጋባፔንቲን ደረበችለት።

ጋባፔንቲን መጀመሪያ የወጣው ለሰው፣ ያውም ለሚጥል በሽታ ነው። እማዬ ስኳሩ እግሯን ሲያቃጥላት የምትወስደውም ይኸው ነው። ስነግራት "እኔና ውሻው አንድ መድኃኒት!" ብላ ሳቀች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕመም ሲቆይ ነርቩ ራሱ ይለምድበታል። መገጣጠሚያው ባይብስበትም ነርቩ መጮሁን አይተውም። ካርፕሮፈን የመገጣጠሚያውን ብግነት ያበርዳል፤ ጋባፔንቲን ደግሞ ነርቩን ያረጋጋል። ስለዚህ አንዱ የሌላው ምትክ አይደለም።

ሐኪሟ ፋርማሲ ስሄድ "ፈሳሹን ጋባፔንቲን እንዳትቀበል" ብላኛለች። ለሰው የሚሠራው ፈሳሽ ዛይሊቶል ሊኖርበት ይችላል። ለእኛ ማጣፈጫ ነው፣ ለውሻ መርዝ። አንዳንድ የለውዝ ቅቤ ውስጥም ይገባል፤ ኪኒኑን የምደብቀው በሱ ስለሆነ አሁን ጀርባውን ሳላነብ አልገዛም። ቡቺ እንደሆነ ብልጥ ነው። ቅቤውን ልሶ ልሶ ኪኒኑን ምንጣፉ ላይ ንጹሕ አድርጎ ይተፋልኛል።

ሲጀምር እንደ ሰካራም ይንገዳገድ ነበር። ይኼ የሚጠበቅ ነው ተብያለሁ። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው፦ ዝም ያለው ሕመሙ ጋብ ብሎለት ነው ወይስ ደንዝዞ? ውሻ አይናገር። እንቅልፍ ደግሞ እፎይታ ይመስላል። ስለዚህ መተኛቱን ትቼ አነሳሱን ማየት ጀመርኩ። ከመተኛቱ በፊት ስንት ጊዜ ይዞራል? ሲነሳ የኋላ እግሩ ወለሉ ላይ ይንሸራተታል? የበሩ ቁልፍ ሲንቃጨል ይመጣል ወይስ ጭራውን ብቻ ይወዘውዛል? ሁሉንም ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። ሐኪሟ ያንን አይታ የቀኑን መጠን ቀነሰችው፣ የማታውን እንዳለ ተወችው። አሁን ቀን ቀን ነቃ ብሏል፤ መዞሩም ቀንሷል። ደረጃው ግን አሁንም አልተሞከረም።

ይኼም ካልበቃው አማንታዲን አለ። እሱ ደግሞ የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት ነበር፣ ኋላ ለፓርኪንሰን ዋለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት እንደ ካርፕሮፈን ብግነት በሚያበርደው በሜሎክሲካም ብቻ ያልተሻላቸው ውሾች አማንታዲን ሲጨመርላቸው እንቅስቃሴያቸው እንደተሻሻለ አሳይቷል። ጋባፔንቲኑም ቢሆን በአንዴ አይቋረጥም፤ ቀስ እያለ ነው የሚቀነሰው። በሚቀጥለው ቀጠሮ እንነጋገርበታለን።