ጡጦ፣ ፔርሙዝና የድሬ ፀሐይ

በባቡር ወደ ድሬዳዋ ልንሄድ ነው ስንል ዘመድ ሁሉ ያስጠነቀቀን ስለ ሙቀቱ ነበር። እኔን ያሳሰበኝ ውኃው ነው። ልጄ ገና አምስት ወሩ ነው፤ የሚጠጣውም የቆርቆሮ ወተት ነው። ምክንያቱ በእኔና በሐኪሜ መካከል ይቅር። ጡት እንደሚበልጥ ሊያስረዳኝ የሚፈልግ ሰው ግን ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ጀምሮ አላጣሁም። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ እናት ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ፣ «ልጄ፣ ጡትሽ ደረቀ እንዴ?» አሉኝ። «አዎ እማማ» አልኳቸው። ከዚያ እስከ ሚኤሶ ድረስ ልጁን እያቀፉ ስላሳረፉኝ አልተቀየምኳቸውም።

ብዙ ሰው የዱቄት ወተት ከጀርም የጸዳ ይመስለዋል። አይደለም። በታሸገ ቆርቆሮ ውስጥ እንኳ ሕፃን የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባላነሰ ውኃ በጥብጡት የሚለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከሻንጣው ይልቅ የተጨነቅሁት ለፔርሙዙ ነበር። የፈላ ውኃ እስከ አፉ ሞልተው ከከደኑት ለሰዓታት ትኩሳቱን ይይዛል፤ ጎደሎ ከሆነ ግን ቶሎ ይቀዘቅዛል። ዱቄቱን ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን እየሰፈርኩ ክዳን ባላቸው ትንንሽ ደረቅ ዕቃዎች ከፋፈልኩት። የጣቢያው ፈታሽ ነጭ ዱቄት በየዕቃው ሲያይ ቅንድቡን ሰቀለ፤ ጡጦውን ሳሳየው ሳቀና አሳለፈኝ።

«አስቀድመሽ በጥብጠሽ ብትይዢ አይቀልሽም?» ያሉኝ ነበሩ። የተበጠበጠ ወተት ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ልጁ ጠጥቶ ያስተረፈው ደግሞ ወዲያው ይደፋል። የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ ለሚያውቅ ሰው መድፋቱ ያንገበግባል። ቢሆንም እደፋለሁ።

ድሬ ስንደርስ ችግሩ ተገለበጠ። አዲስ አበባ የፈላውን አብርዶ ለመስጠት ጡጦውን ቧንቧ ሥር ትንሽ መያዝ ይበቃል። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ባረፍንበት ቤት ቀትር ላይ ቧንቧውን ብከፍተው ከጣሪያው ሮቶ የወረደው ውኃ ራሱ እጅ ይለበልባል። ልጁ ይጮኻል፣ ጡጦው ይፋጃል። የቤቱ እመቤት ጩኸቱን ሰምታ መጣች፤ ምንም ሳትናገር ከማቀዝቀዣ ውኃ አውጥታ ሳፋ ላይ ገለበጠችና ጡጦውን እስከ አንገቱ ነከረችው። ጥቂት ቆይተን አንጓዬ ላይ ጠብ ባደርገው ለብ ብሏል።

ይህችው ደግ ሴት ግን፣ «እህቴ፣ በዚህ ሙቀት ወተቱን ቀጠን አድርጊለት» ስትለኝ እንቢ አልኳት። የእኔ ቆርቆሮ ለ30 ሚሊ ሊትር ውኃ አንድ ማንኪያ ይላል፤ ድሬም ሆነ አዲስ አበባ ልኩ ያው ነው። ውኃ የበዛበት ወተት የሕፃኑን ምግብ ከመቀነሱም በላይ በደሙ ውስጥ ያለውን ጨው አሳንሶ እስከ መንዘፍዘፍ ሊያደርሰው ይችላል። ጥም ከሆነ ከወተቱ ለይቼ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ጥቂት እሰጠዋለሁ። አኩርፋ ዋለች። ማታ ፀሐይዋ በርዳ ሰው ሁሉ ደጅ ሲወጣ ታረቅን።

የታረቅነው በአቼቶ ነው። ጡጦዎቹን በድስት ቀቅዬ ሳወጣቸው ነጭ አመድ የተነፋባቸው መሰሉ። ኖራ ነው፤ የድሬ ውኃ ኖራ ይበዛበታል፣ የሲሚንቶ ፋብሪካዋም የቆመው በዚሁ አካባቢ የኖራ ድንጋይ ነው። እሷ አቼቶ በውኃ በጥብጣ ጡጦዎቹን ዘፈዘፈቻቸው፤ ታጥበው እንደገና ሲቀቀሉ እንደ አዲስ ጠሩ። ለወተቱ ግን የታሸገ ውኃ ገዛሁ፤ ሶዲየሙ በሊትር ከ200 ሚሊ ግራም በታች መሆኑን ጽሑፉ ላይ አንብቤ። የታሸገም ቢሆን ይፈላል። ጋዝ ያለበት አይሆንም።

ወደ ሐረር በሚኒባስ ወጣን። የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው ተራራውን ሸሽቶ ነው፤ ሐረርን ወደ ጎን ትቶ ቆላውን ይዞ አለፈ። እኛ የደንገጎን ዳገት ከመውጣት አላመለጥንም። ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ዳገት ሲወጣ የሕፃን ጆሮ ይደፈናል፤ መዋጥ ይከፍተዋል። ስለዚህ የጡጦውን ሰዓት ከዳገቱ ጋር ለማገናኘት ፈለግሁ። በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ግን የፈላ ውኃ መቅዳት ራስን መቀቀል ነው። ሾፌሩን ለመንኩት፤ «አቦ፣ ለሕፃን ነው!» ብሎ ዳር ያዘና ቆመ። ጫታቸውን የያዙ ተሳፋሪዎች ወርደው ተንጠራሩ፣ እኔ በጠበጥኩ፣ አንዱ ወጣት በቀዝቃዛ ውኃ ጠርሙሱ አበረደልኝ።

ሐረር፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ በጁገል ውስጥ ያረፍነው በአደሬዎች ቤት ነው፤ ግድግዳው ሙሉ ስፌት ነው። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ባለቤቷ በከሰል አፈላችልኝ። ከተማዋ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለወተቱ ከበቂ በላይ ነው። በጀሪካን የተቀመጠውን ውኃ ስጠይቃት ከድሬ በኩል በቧንቧ ተስቦ እንደሚመጣ ነገረችኝ። ያ ኖራ ተከትሎኛል ማለት ነው፤ አቼቶ ፍለጋ ወጣሁ።

በሸዋ በር ገበያ ወተት የሚሸጡ ሴቶች ልጁን አይተው የግመል ወተት ቀዱለት። «መድኃኒት ነው፣ አጥንት ያጠነክራል» አሉ። ከዓመት በታች ላለ ሕፃን የግመልም የላምም ወተት በጡጦው ምትክ አይገባም፤ ጥሬው ደግሞ ፈጽሞ። ይህን ለእነሱ ማስረዳት ስድብ ይመስላል፤ ስለዚህ ባለቤቴ ጠጣላቸው። ከአንድ ኩባያ በኋላ ሌላ ጨመሩለት።

ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ የሚበላበት ሰዓት ከልጄ የጡጦ ሰዓት ጋር ገጠመ። ባለቤቴ ሄዶ በእንጨት ጫፍ ሥጋ አጉርሶ በፎቶ አመጣልኝ። እኔ ጅቡን ልጁ እንጀራ ሲጀምር አያለሁ።